የደጅ ጠኚው እጅ

ባቡሩ ዳገቱን እያለከለከ ሲወጣ እትዬ ጥላ የማታውቀውን ሰው ካልሲ ትጠግን ነበር። ካልሲው የትኬት ቆራጩ ነው። ሽማግሌው ትኬታቸውን በስቶ ሊያልፍ ሲል ተረከዙ ላይ ያፈጠጠችውን ቀዳዳ አየቻትና፣ «አባባ፣ ይቺ ዛሬ መስኮት ናት፤ ነገ በር ትሆናለች። ያውልቁት» አለችው። ሰውዬው አፈረ፣ ተግደረደረ፣ እምቢ አለ፤ በመጨረሻ ግን ባዶ እግሩን ጫማው ውስጥ ሸጉጦ ከፊቷ ቁጭ አለ። ጥላን እምቢ ብሎ የጸና ሰው እስካሁን አልተገኘም።

መስኮቱ ጥግ የተቀመጠችው ወጣት ይህን እያየች ትበግናለች። ሰው ሞቷል። የገደለው ሰው ዳገቱ ጫፍ ላይ፣ ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ በሟቹ ስም ይሠራል። ስንት ለምና ይዛት የመጣችው መርማሪ ግን መርፌና ክር ይዛ የሰው ተረከዝ ትደፍናለች!

ወጣቷ የታችኛው ከተማ ቴሌግራፈኛ ናት። ሥራው ድሮ የወንድ ብቻ ነበር፤ ጦርነቱ ወንዶቹን ወደ ድንበር ሲጠርጋቸው ነው ሴቶች የቴሌግራፉ መምቻ ፊት የተቀመጡት። የጣቷን ፍጥነት የሰሙ የመስመሩ ሰዎች «ድንቢጥ» አሏት፤ ድንቢጥ ሆና ቀረች። ዛሬ ከእግር እስከ ራሷ ጥቁር ለብሳለች፤ ሻሿ ሳይቀር ጥቁር ነው።

ጥላ ያን ጥቁር ገና መሳፈሪያው ላይ ስታየው ፊቷን አጨማድዳ ነበር።

«ልጄ፣ ሬሳ አይተሻል?»

«አላየሁም እትዬ።»

«ታዲያ ማን ፈቅዶልሽ ነው ያዘንሽው?»

ድንቢጥ ሻሿን አጥብቃ አሰረች። ሐዘን እንደ ትኬት በፈቃድ የሚቆረጥ ይመስል፣ ብላ በሆዷ ተናደደች።

ጥላ «ጥላ» የተባለችው በጋ ከክረምት ከእጇ በማትለየው ትልቅ ጥቁር ጃንጥላ ምክንያት ነው ይላሉ የሚወዷት። የማይወዷት ደግሞ ሰው በሄደበት ሁሉ ስለምትከተል ነው ይላሉ። ባሏ የፖሊስ መቶ አለቃ ነበር። ባል ሲሞት ሌላ ሴት ጡረታ ትወርሳለች፤ እሷ የወረሰችው መጠየቅ ነው። መጀመሪያ የጎረቤት የጠፋ ማንኪያ አገኘች፤ ቀጥሎ የሰዓት ሠሪውን ሚስት በመርዝ የገደላት ማን እንደሆነ አወቀች፤ ከዚያ ወዲህ ፖሊስ ጣቢያ የሳቁበት ሰው ሁሉ እንባውን አብሶ የሚሄደው የእሷን ደረጃ ወደ ላይ ነው። ድንቢጥም እንደዚያው ሄደች። የለመነቻት ግን ገዳዩን እንድትይዝ አልነበረም። «ሬሳውን ይፈልጉልኝና ልቅበረው» ነው ያለቻት።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እናንሳው።

በሽቦ የሚኖር ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ቃል የማንም ነው፣ እጅ ግን የባለቤቱ ነው። ሽቦው ክፍት ነው። በየጣቢያው የተቀመጠ ቴሌግራፈኛ ጆሮውን ጣል ካደረገ የሌላውን ጨዋታ ይሰማል፣ ቀልዱን ይሰርቃል፣ ምስጢሩን ይለቅማል። ምቱን ግን ማንም አይሰርቀውም። አንዱ ችኩል ነው፣ አንዱ ቁጡ ነው፣ አንዱ እንደ ጠገበ በሬ ይረግጣል። ቴሌግራፈኞች «የእከሌ እጅ ነው» ሲሉ ሌላው ሰው «የእከሌ ድምፅ ነው» እንደሚለው ነው፤ አይሳሳቱም።

የላይኛው ጣቢያ ቴሌግራፈኛ እጅ ረጋ ያለ ነበር። አንድ ልማድም ነበረው። ቃሉ ሊያልቅ ሲል፣ የመጨረሻዋን ምት ከመምታቱ በፊት፣ ቆም ይላል። የዓይን ጥቅሻ ያህል ናት፤ ሌላ ሰው ልብ አይላትም። ድንቢጥ ግን ልብ አለቻት። ደጃፍ ደርሶ፣ ኮፍያውን አውልቆ፣ «ግባ» እስኪሉት የሚጠብቅ ሰው መሰላትና «ደጅ ጠኚው» አለችው። ሳቀ። በሽቦ እንዴት ይሳቃል የሚል ካለ አንድ ክረምት ከመምቻ ጋር ይቀመጥና ይየው።

ሥራ ቀዝቀዝ ባለ ሰዓት እንዲህ ሲጫወቱ ሁለት ክረምት አለፈ። እሷ ስለ እናቷ ጉልበት ሕመም ትነግረዋለች፤ እሱ ስለ ጣቢያው ሹም አውራ ዶሮ ይነግራታል። ዶሮው የባቡሩ ፉጨት ባላንጣ ዶሮ ይመስለዋል አሉ፤ ባቡሩ በጮኸ ቁጥር አጥር ላይ ወጥቶ አንገቱን አስግጎ ይመልስለታል። መልኩን አታውቅም። ድምፁን ሰምታ አታውቅም። ረጅም ይሁን አጭር፣ ፀጉሩ ይኑር ይመለጥ፣ አንዱንም አታውቅም። ግን እሱ ሲጠራት እግሯ ሥር ያለው ወለል የሞቀ ይመስላት ነበር፤ ያልጠራበት ቀን ደግሞ እራት አይበላላትም። መውደድ ይህ ካልሆነ ሌላው ምን እንደሆነ እንጃ።

በመጨረሻ የዕረፍት ቀኑን አስፈቅዶ ወደ ታች ሊወርድ ተስማሙ።

«በምን አውቅሻለሁ?» አላት በሽቦው።

«ቢጫ ሻሽ አስሬ እጠብቅሃለሁ። እኔስ በምን አውቅሃለሁ?»

«በሩ ላይ ቆሞ የቀረውን ሰው ፈልጊ» አላት።

ቢጫ ሻሿን አስራ ጠበቀችው። የጠዋቱ ባቡር መጣ፣ የቀትሩ መጣ፣ የማታው መጣ። መንገደኛው ሁሉ እየወረደ ወደየቤቱ ሄደ፤ በሩ ላይ ቆሞ የቀረ አልነበረም። መብራት አብሪው መጥቶ «እህቴ፣ ሌላ ባቡር የለም እኮ» ሲላት ሻሿን ፈታ ቤቷ ገባች።

ከዚያ በኋላ የላይኛው ጣቢያ መምቻ ሚስማር የሚመታ በሚመስል አንድ ወታደር እጅ ገባ። ያ ወታደር ስለማንም አያውቅም፤ ቢያውቅም አይናገርም። ስንት ሳምንት እንዲህ ሆነ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን ሽቦው፣ «ድንቢጥ፣ ተመለስኩ» አለ።

ልቧ ዘለለና ወዲያው ቀጥ አለ። እጁ የእሱ አልነበረም! ሰካራም ደረጃ ሲወጣ እንደሚሰማው ያለ ነው፤ ይደናቀፋል፣ ይንጠለጠላል፣ እንደገና ይደናቀፋል።

«ለምን አልመጣህም?» አለችው።

«ሥራ ያዘኝ።»

ስለ ዶሮው ነገራት። የእናቷን ጉልበት ጠየቃት። እሷ እጇን ከመምቻው ላይ አንስታ ጡቷ ሥር ቀብራው ተቀምጣ ነበር። ዶሮውን ማንም ሰምቶታል፤ ጉልበቱንም ማንም ሰምቶታል። ደጅ ጠኚውን የገደለ አንድ ሰው ስሙን ለብሶ ቦታው ላይ ተቀምጧል አለች በልቧ። ሄዳ ለአለቃዋ አለቀሰችለት፤ አለቃዋ ለጦሩ አሳለፈው። በጦርነት ጊዜ በሽቦው ላይ የተገኘ ሐሰተኛ ሰው ዳኛ ፊት አይቀርብም፤ ግድግዳ ፊት ነው የሚቀርበው። ድንቢጥ ይህን ታውቃለች። አንድ ሻለቃ ሊይዘው ሊሄድ ነው ሲሏት ደስ አላት። መደበቅ አያስፈልግም፤ ደስ አላት።

ያ ሻለቃ አሁን በዚሁ ባቡር ፊተኛው ፉርጎ ውስጥ፣ ቀይ ቆዳ መቀመጫ ላይ፣ ከሁለት ወታደሮቹ ጋር ተቀምጧል። ጥላም በዚህ ባቡር ካልሄድን ብላ የቸኮለችው በእሱ ምክንያት ነው። «እሱ ሰው ሊይዝ ይሄዳል፤ እኔ ሰው ላውቅ እሄዳለሁ። የያዘ ቢቀድም ያወቀ ምን ይሠራል?» ብላ ነበር።

«አባባ፣ ይህ መስመር አደጋ ይበዛበታል ይባላል፤ እውነት ነው?» አለች ጥላ፣ ዓይኗን ከክሩ ሳታነሳ።

ሽማግሌው የጠበቀው ይህንኑ ነው። አንድ እግሩ ባዶ የሆነ ሰው ከመጫወት ሌላ ምን ሥራ አለው?

«እመቤቴ፣ ከሰው ጥድፊያ የሚመጣ ነው እንጂ ባቡሩስ ምን በደለ! ያ መገንጠያው ጣቢያ ላይ የሆነውን ልንገርዎት። አንድ ጎልማሳ፣ አዲስ ኮት፣ አዲስ ቡኒ ኮፍያ፣ ሙሽራ ነው የሚመስለው። ከላይ በወረደው ባቡር መጣ። ወደ ታች የሚሄደው ባቡር በወዲያ በኩል ሊነሳ ነው፤ መካከል ላይ ደግሞ የዕቃ ባቡር ቆሟል። ዞረህ ሂድ ብለን ጮህን። የት ሰምቶን! በሁለቱ ፉርጎ መሀል ሊሾልክ ገባ፤ ያ የዕቃ ባቡር ደግሞ ያን ጊዜ ተንቀሳቀሰ።»

ድንቢጥ ፊቷን ከመስኮቱ መለሰች።

«ሞተ?» አለች ጥላ።

«እንጃ። ሰው ከቦት፣ በኮቱ ጠቅልለው በዕቃ ጋሪ ወደ ጦር ሆስፒታሉ ወሰዱት። ደም... ይተዉት እመቤቴ። እኔ ኮፍያውን ነው ከሐዲዱ ላይ ያነሳሁት። መንኮራኩሩ ጠርዙን ቆርሶታል፤ ልክ ሰው ዳቦ ገምጦ እንደተወው። ለመገንጠያው ዘበኛ ሰጠሁና ባቡሬ ላይ ወጣሁ።»

«መቼ ነበር ይሄ?» አለች ድንቢጥ። 

ቀኑን ነገራት። ቢጫ ሻሽ ያሰረችበት ቀን ነው።

ሽማግሌው ካልሲውን አድርጎ፣ መርቆ፣ ሄደ። ድንቢጥ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭና አለቀሰች። ወደ እሷ ሲሮጥ ነው የሞተው። ስንት ቀን «ናቀኝ፣ ተወኝ» ብላ ስትረግመው የነበረ ሰው፣ ዞሮ ለመሄድ የምትፈጀዋን ጊዜ እንኳ ሳይታገሥ ወደ እሷ ሲሮጥ! ያንን ሁሉ ሩጫ ሽቦው አልነገራትም።

«አሁንስ አመኑኝ?» አለች። «ሞቷል። የሞተ ሰው ቦታ ላይ ነው ሌላው የተቀመጠው።»

ጥላ ክሯን እያጠነጠነች ነበር። «ሽማግሌው ሞተ አላለም» አለች። «'እንጃ' ነው ያለው። አንቺ ግን ሰው 'እንጃ' ባለሽ ቁጥር ትቀብሪያለሽ።»

ባቡሩ የመጨረሻውን መታጠፊያ ዞሮ ፉጨቱን ለቀቀ። ወዲያው ከወዲያ ማዶ፣ ከጣቢያው አጥር በኩል፣ አንድ አውራ ዶሮ በጣም ተናዶ መለሰለት።

ድንቢጥ የመስኮቱን እንጨት ጨበጠች። ዶሮው በእርግጥ አለ። ሁለት ክረምት ሙሉ በነጥብና በሰረዝ ብቻ የምታውቀው ዶሮ በደረቁ አየር ላይ ጮኸ፤ ከማንም ጩኸት ይልቅ ልቧን የሰበረው እሱ ነው። አብረው ሊሰሙት ይገባ ነበር።

የጣቢያው ሹም በወርቃማ ቁልፎቹ ተቆልፎ፣ ቆቡን ደረቱ ላይ ይዞ፣ የሻለቃው ፉርጎ በር ላይ ጠበቀ። እንዲህ ያለ አቀባበል ለጄኔራልም አይደረግ! መጀመሪያ ሰላምታ፣ ቀጥሎ ስለ መንገዱ ጥያቄ፣ ቀጥሎ ስለ ሻለቃው ጤና፣ ቀጥሎ ለሻለቃው ክብር የተዘጋጀ ሻይ፣ ሻይ ከመጠጣታቸው በፊት ደግሞ ባለፈው ዓመት በገዛ እጁ የተከላቸውን ጽጌረዳዎች ማየት። ሻለቃው «ሥራ ላይ ነኝ እኮ» ባለ ቁጥር ሹሙ «እንዴታ ሻለቃ! ሥራ ላይ ላለ ሰው ነው ሻይ የሚያስፈልገው» እያለ ወደ አበባው ይገፋዋል።

ጥላ ጃንጥላዋን ተደግፋ ለአፍታ አየችው። «ይህ ሰው እንግዳ አይደለም የሚቀበለው» አለች። «ጊዜ ነው የሚሰርቀው። ለማን እንደሚሰርቅ እንይ፤ ነይ።»

በጓሮ ዞረው የቴሌግራፍ ክፍሉን በር ገፉት። ማንም የለም። ወንበሩ ወደ ኋላ ተገፍቷል፤ የመቀመጫው ትራስ ገና ሞቅ ብሏል። ከመስኮቱ ማዶ መሳፈሪያው ጥርት ብሎ ይታያል፤ የተቀመጠው ሰው ሻለቃውን ከነወታደሮቹ ሲወርድ አይቶ ነው የተነሳው። ከክፍሉ ጀርባ ወደ መኝታ ክፍል የምታስገባ አንዲት ጠባብ በር አለች። ተዘግታለች።

ድንቢጥ ግን በሩን አላየችም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ነው ያየችው። ቡኒ ኮፍያ፤ ጠርዙ እንደ ዳቦ የተገመጠ።

«ኮፍያውን!» አለች። «ገድሎት አልበቃውም፤ ኮፍያውን ወስዶ ሰቀለው!»

«ቀስ በይ» አለች ጥላ። «አንቺ ሌባ ብትሆኚ የተገመጠ ኮፍያ ትሰርቂያለሽ?»

ድንቢጥ ወደ ኮፍያው ተጠጋች።

«እንዲህ ያለ ኮፍያ ማንም አያደርገውም፤ ማንም አይገዛውም። ባለቤቱ ብቻ ነው የማይጥለው።» ጥላ ጃንጥላዋን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች። «እዚህ ነይ። ይሄን ጠረጴዛ ተመልከቺ። እኔ የእናንተን ሥራ አላውቅም፤ ብሳሳት አርሚኝ። በቀኝ በኩል እንጨቱ ክንድ ሲተሻሸው ኖሮ ጎድጉዷል። የመምቻው የድሮ ብሎን ቀዳዳዎች ያውልሽ፤ እዚያው ናቸው። መምቻው ግን አሁን የት ነው?»

«በግራ።»

«ብሎኑ?»

«አዲስ ነው።»

«ወንበሩ፣ ትራሱ?»

«አሮጌ።»

«ሌላ ሰው ቢመጣ ትራሱን ይቀይር ነበር፤ መምቻውን እዚያው ይተወው ነበር። ይሄ ሰውዬ ግን ትራሱን አልቀየረም። ወንበሩን አልቀየረም። እጁን ብቻ ነው የቀየረው።» ጥላ ዞር ብላ አየቻት። ዓይኗ ውስጥ ከዚያ በፊት ያልነበረ ርኅራኄ ነበር። «ልጄ፣ እጁን በደንብ ታውቂያለሽ፤ ማንም አይከራከርሽም። እሱንስ?»

ድንቢጥ ጠረጴዛውን ያዘች። ነገሩ ወደ ውስጧ የገባው ቀስ እያለ ነው። ያ መደናቀፍ፣ ያ መንጠልጠል። ሰካራም አይደለም። ሕፃን ነው፤ መራመድ የሚማር እጅ። ከሆስፒታል ወጥቶ፣ አንድ እጁን ጥሎ፣ በቀረችው እጁ ፊደል ከመጀመሪያው እየተማረ መጀመሪያ የጠራው እሷን ነው። «ድንቢጥ፣ ተመለስኩ» ለማለት ስንት ቀን ተለማምዶ ይሆን? እሷ መልሳ ምን አደረገች? ጥይት ላከችበት።

«ለምን አልነገረኝም?» አለች። «እጄ ተቆረጠ ቢለኝ እኮ...»

«ሽቦው ክፍት ነው ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም እንዴ? በክፍት ሽቦ ላይ አንድ እጅ ብቻ አለኝ ብሎ የሚያውጅ ቴሌግራፈኛ ማታውኑ ሥራውን ያጣል። ለአንቺ የነገረ ለአለቆቹ ሁሉ ነገረ ማለት ነው።»

የቦት ጫማ ድምፅ ከበረንዳው መጣ። የጽጌረዳው ጉብኝት አልቋል። ሻለቃው በሩን በርግዶ ገባ፤ ሁለቱ ወታደሮች ተከተሉት፤ የጣቢያው ሹም ቆቡን እየጠመዘዘ ከኋላ ቆመ።

«የት ነው ያለው?» አለ ሻለቃው። ቀጥሎም ጥቁር የለበሰችውን ሴት አየና ሰላምታ ሰጠ። «ከሳሿ እርስዎ ነዎት። ጥሩ። ሰውዬውን ለይተው ይነግሩኛል። ያች በር ምንድን ናት?»

«ሻለቃ፣» አለ የጣቢያው ሹም፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው። ሰውዬው አካለ ስንኩል ነው፤ ደብቄ ያሠራሁት እኔ ነኝ። የት ይሂድ? ወሬ አያዛባም፤ ቀስ ይላል እንጂ አይሳሳትም፤ በልጆቼ ስም...»

«በሩን!» አለ ሻለቃው ለወታደሮቹ።

አንደኛው ወታደር በሩን ደበደበ። መልስ የለም። ትከሻውን አዘጋጀ።

«ሻለቃ፣» አለች ጥላ፣ ጃንጥላዋን በበሩና በወታደሩ መካከል አጋድማ፣ «ከሳሿ ለይታ ትናገር ብለዋል። ሰውዬውን ግን በመልክ አታውቀውም፤ አይታው አታውቅም። በሩን ቢሰብሩት አንድ የደነገጠ ሰው ያገኛሉ፤ ማን እንደሆነ የሚነግርዎ የለም። የምትለየው በምት ነው። እስቲ አንድ ጊዜ ትምታ።»

ሻለቃው ጃንጥላውን አየ፤ የያዘችውን ሴት አየ። ጥላን እምቢ ብሎ የጸና ሰው አልተገኘም ብለናል። ወታደሩን በዓይኑ ወደ ኋላ መለሰው።

ድንቢጥ በሩ ፊት ቆመች። እንጨቱ ተራ እንጨት ነው፤ ቀለሙ ተላልጧል። ከዚያ ወዲያ አንድ ሰው ይተነፍሳል። በእሷና በእሱ መካከል ያለው ሽቦ ስንት ተራራ ይዞር ነበር፤ አሁን የአንድ ሳንቃ ውፍረት ብቻ ቀርቷል። እንዲህ ቀርባው አታውቅም፤ እንዲህም ፈርታ አታውቅም። እጄን አልሰማም ቢልስ? እሷ እጁን እንዳልሰማችው?

ቀኝ እጇ በልማዷ ተነሳች። መለሰቻት። ያ ፍጥነቷ፣ ያ ድንቢጥ ያስባላት ቅልጥፍና በዚህ ሰው ፊት ነውር መሰላት። ግራ እጇን አወጣች። በዕድሜዋ መምቻ ነክታ የማታውቅ እጅ ናት።

ነጥቡን በጣቷ እየመታች፣ ሰረዙን በጥፍሯ እየፈተገች እሷ ያወጣችለትን ስም በሩ ላይ ጻፈች። አቤት አስቀያሚነቱ! ጣቷ ቀድማ ሄደች፤ ቀርታ ተጎተተች፤ ነጥቡ ሰረዝ ሆነባትና ከመጀመሪያው ጀመረች። የጣቢያው ሹም አንገቱን ደፋ። ድንቢጥ እየመታች አለቀሰች፤ እያለቀሰች መታች። ቃሉ ሊያልቅ ሲል፣ የመጨረሻዋን ምት ከመምታቷ በፊት፣ ቆም አለች።

መታቻት። 

ውጪ ባቡሩ ሊነሳ እንፋሎቱን ይተነፍሳል። ሻለቃው ጉሮሮውን ጠራረገ። ጥላ ብቻ አልተንቀሳቀሰችም።

ከዚያ ከወዲያ በኩል፣ ከበሩ ዝቅ ካለ ቦታ፣ ምት መጣ። ሰውዬው መሬት ላይ ተቀምጦ በሩን ተደግፎ ነበር። ምቱ ያው በሽቦ ላይ የጠላችው ምት ነው፤ የሚደናቀፈው፣ የሚንጠለጠለው። አንድ አጭር ቃል ብቻ ናት። ድንቢጥ ግንባሯን ሳንቃው ላይ አስደግፋ አዳመጠችው። ሊያልቅ ሲል ቆመ። የዓይን ጥቅሻ ያህል። ከዚያ የመጨረሻዋን መታ።

ያቺ መቆም በሽቦውም ላይ ነበረች ለካ። ሌላው መደናቀፍ ሁሉ ሸፍኗት፣ እሷም ገና በመጀመሪያው ቃል ጆሮዋን ዘግታ ነው እንጂ፣ ነበረች።

«እሱ ነው» አለች። «ሻለቃ፣ እሱ ነው። ክሴን አንስቻለሁ። እጁ ነው።»

«ምን አለ?» አለ ሻለቃው።

«ግቢ አለኝ።»

ሻለቃው እንደ ለመደው ወደ በሩ እጀታ እጁን ሰደደ። ጃንጥላው እንደገና መሀል ገባ።

«እርስዎን አላለም» አለች ጥላ። «አሁን ያን የጽጌረዳውን ሻይ ብንጠጣ ምን ይመስልዎታል? ስለ ባለ አንድ እጅ ሰው ሥራ የምነግርዎት ነገር አለኝ፤ ቁጭ ብለው ቢሰሙኝ ይሻላል።»

ቦት ጫማዎቹ ወጡ። ድንቢጥ በሩን ገፋች።

ሰውዬው ተነስቶ ከአልጋው አጠገብ ቆሟል። ካሰበችው አጠር ይላል፤ ጆሮዎቹ ትንሽ ተለቅ ይላሉ። የቀኝ እጅጌው ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ቢያጠቁት እንኳ የሚሸሽበት ቦታ በሌለበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ቆሞ ያያታል። ሁለት ክረምት ያወሩ ሰዎች ነበሩ፤ አሁን የትኛው አፍ መጀመሪያ እንደሚከፈት የሚያውቅ አልነበረም።

«ወታደሮቹን ያመጣሁብህ እኔ ነኝ» አለች። እሱ በጆሮው የሰማው የመጀመሪያ ቃሏ ይህ ሆነ።

 የሚያየው ከዓይኗ ከፍ ብሎ ነው፤ ጥቁር ሻሿን። ረጅም ጊዜ አየው። ሲናገር ድምፁ ለእንዲያ ያለ የረጋ እጅ ቀጭን ነበር።

«በምን ልወቅሽ?» አላት። «ቢጫ ነበር ያልሽኝ።»